መሐል የቀረችው ድመት

የድመት ታሪክ ነው። ከአሁኑ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ብሰማው እኔም ሳልስቅ አልቀርም ነበር። በእኔ ላይ ስለደረሰ ግን አልስቅም። ነገሩ አልፏል፣ ሰዉም ረስቶታል፣ እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። ይህንን ለመጻፍ ስቀመጥ "ረጋ ብለሽ ጻፊ" ብዬ ራሴን መክሬ ነበር። አልሆነልኝም። ስለዚህ እንደተናደድኩ ልንገራችሁ።

በዚያን ጊዜ የምሠራው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኖርዝላንድ በሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ሞርስ ሮድ ላይ፣ ከትልቅ ፓርኪንግ ጀርባ ከተደረደሩት ሱቆች በአንዱ፣ በእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። የምኖረውም እሳቸው ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ከደሴ ስመጣ ዘመድ የለኝም፤ በሰው በሰው አግኝተውኝ፣ ብርድ ልብስ አልብሰው፣ ሥራ ሰጥተው፣ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይህንን የምናገረው ውለታቸውን እንዳልረሳሁ እንድታውቁልኝ ነው። ውለታ ባይኖር ኖሮማ ንዴቴም ይህን ያህል አይሆንም ነበር።

ከምግብ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ባዶ ነው። ቀድሞ ስልክ የሚሸጥበት ነበር፤ ሰውየው ለቆ ከሄደ በኋላ ተቆልፎ ቀርቷል። ከባዶው ሱቅ ቀጥሎ የጋሼ ሰኢድ ሥጋ ቤት አለ። ጋሼ ሰኢድ የወሎ ሰው ናቸው፤ የአገሬ ልጅ ነሽ እያሉ ሲያልፉ ሲያገድሙ ያጫውቱኝ ነበር።

እኔ ትርሲት መሐመድ እባላለሁ። ስሜን በሙሉ የሰማ ሰው ሁለት ጊዜ ያየኛል። አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናቸው። ቤታችን ሁለት የሥጋ ድስትና ሁለት ቢላ ነበረው። እናቴ የአባቴን ሥጋ በአባቴ ድስት ትሠራለታለች፤ እሷ ስለማትቀምሰው ጨዉን እኛን ልጆቹን ታስለካናለች። የወሎን ፍቅር ልሰብካችሁ አይደለም፤ አባቴና እናቴ በዘመድም በገንዘብም እንደማንም ባልና ሚስት ይጣሉ ነበር። በድስት ግን ተጣልተው አያውቁም። እኔ እናቴን ተከትዬ ክርስትና ተነሥቻለሁ፣ ሁዳዴን እጾማለሁ። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ማታ ማታ ጋሼ ሰኢድ ዘንድ ጎራ ብዬ ከልጆቻቸው ጋር ሾርባና ሳምቡሳ እበላ ነበር፤ የጾም ጊዜ ከሆነ ተምርና የምስር ሳምቡሳ ለይተው ያስቀምጡልኛል። ለማንም ሸክም ሆኜ አላውቅም፤ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ድመቷ ልምጣ። ግራጫ ናት፣ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ። አንድ ክረምት፣ በረዶው በሩን ሲዘጋው፣ በጓሮ በር ገብታ በዚያው ቀረች። የጤፍና የሽሮ ከረጢት ያለበት ቤት አይጥ አያጣም፤ እሷ ከገባች በኋላ ግን የአይጥ ጥፍር እንኳን አላየንም። በእርግጥ ምግብ ቤት ውስጥ እንስሳ አይፈቀድም። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ ድመቷም የምታውቅ ይመስል የጤና ኢንስፔክተር ሲመጣ አትታይም። ከኛ ወጥ ቤት በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ፣ ቧንቧ የሚያልፍበት ሰፊ ቀዳዳ አለ። በዚያ ገብታ በባዶው ሱቅ ኮርኒስ ላይ ተራምዳ ጋሼ ሰኢድ ሥጋ ቤት ትወርዳለች። ኢንስፔክተሩ እዚያ ሲሄድ ደግሞ ወደ እኛ ትመለሳለች። ቀን ቀን መሐሉ ላይ ሞቅ ስለሚል እዚያው ትተኛለች።

እትዬ አስካለ ስሟን ብርቄ ብለዋታል። ጋሼ ሰኢድ ሰሚራ ይሏታል። "ብርቄ እኮ የኔ ልጅ ናት፤ እዚያ የምትሄደው ሆዷ እያታለላት ነው" ይሉ ነበር እትዬ አስካለ ለደንበኛ ሁሉ። ጋሼ ሰኢድ ደግሞ "ሰሚራ የኛ ናት፤ እዚያ የምትሄደው ጎረቤት ለመጠየቅ ነው" ይላሉ። ሁለቱም ይኮሩባታል፣ ሁለቱም ፎቶዋን ስልካቸው ላይ ይዘዋል። እኔ በመሐል እስቃለሁ። ምስኪን እኔ!

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ሰው ሁሉ "ደስ ሲል! አብረን ጾምን" ይባባል ነበር። እኛ ቤት በየዓይነቱ ብቻ ነው የሚሠራው፣ የሥጋ ማቀዝቀዣው ታጥቦ ተዘግቷል። ድመቷ ሽሮና ጎመን አሽትታ ፊቷን አዙራ ወደ ጋሼ ሰኢድ ኮበለለች። ለመተኛትና ለመጫወት ግን ትመለስ ነበር።

እሁድ ነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ። ቤቱ ነጠላ ባደረጉ ሰዎች ጢም ብሏል። እኔ ትሪ ይዤ ስወጣ ድመቷ ከወጥ ቤት ተከትላኝ ወጣች። አፏ ላይ ቀይ ነገር አለ። በጠረጴዛዎቹ መሐል ጭራዋን አቁማ ሄደችና አንዲት ሴትዮ እግር ስር ጣል አደረገችው። ጥሬ ሥጋ ነው። ስጦታ ያመጣች ያህል ቀና ብላ አየቻት።

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!" ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት። እትዬ አስካለም ሊስቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ያን ጊዜ ነው ሥጋው እግሯ ስር የወደቀው ሴትዮ እግሯን ሰብስባ "እንዴ፣ ይሄ እኮ ከጎረቤት ነው። የእስላም ሥጋ ነው" ያለችው።

ሳቁ ቆመ። እትዬ አስካለ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ሰው ሁሉ እያያቸው ነው፤ ምን ይላሉ ተብሎ ይጠበቃል። እሳቸውም ከሚጠበቀው በላይ አሉ። "በሁዳዴ ቤቴን አረከሰችብኝ!" ብለው ጮኹ። "ይሄ ሰውዬ ቀዳዳውን ክፍት ትቶ ሥጋውን በጾም ቤት ይልክብኛል! ከዛሬ ጀምሮ አበቃ!" ልብ በሉ፣ ቀዳዳው በኛም በኩል ክፍት ነው። ግን ይህንን የሚናገር አልነበረም፤ እኔም ሥጋውን በወረቀት አንሥቼ ወለሉን ከመወልወል በቀር ትንፍሽ አላልኩም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛቸው ድሪል ይዞ መጣና ቀዳዳውን በወፍራም ጣውላ አሸገው። ወሬ እግር አለው፤ እስከ ቀትር ድረስ ጋሼ ሰኢድ ጆሮ ደርሶ ነበር፣ ያውም ተጨማምሮበት። "አስካለ ሥጋህ እርኩስ ነው ብላለች" ተብለዋል። ጾመኛ ሰው ናቸው፣ በዚያ ላይ ኩሩ ናቸው። ድምፃቸውን ሳያሰሙ ያንኑ ዕለት እሳቸውም በበኩላቸው ጣውላ መቱበት። አንዱ የሌላውን አላወቀም። ማክሰኞ ድመቷ አልታየችም። እትዬ አስካለ "እዚያው ቀርታለች፤ ትቅር" አሉ። ጋሼ ሰኢድም እንደዚያው ብለው ኖሯል።

ረቡዕ ከሰዓት በፊት ሽንኩርት እያቁላላሁ ከግድግዳው ውስጥ የመፋቅ ድምፅ ሰማሁ። የአትክልት ማቀዝቀዣው መስሎኝ ነበር። እሳቱን ቀንሼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው፤ መጮህ ደክሟት በትንፋሽ ብቻ የምትጣራ ይመስላል።

እትዬ አስካለን ልጠራ ወደ ሳሎኑ ስወጣ የሕንፃው ማናጀር በር ላይ ቆሞ ከእሳቸው ጋር ያወራል። ባዶው ሱቅ ተከራይ አግኝቷል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተባይ መርዝ ይረጭበታል፤ ሽታ ከመጣባችሁ በራችሁን ክፈቱ ብሎ ሄደ። በጣም ትሑት ልጅ ነው፣ ፈገግታው አይለየውም።

"እትዬ፣ ድመቷ መሐል ናት" አልኳቸው።

"የት መሐል?"

"ኮርኒሱ ውስጥ። እየጮኸች ነው። መርዙ ከመረጨቱ በፊት ጣውላውን እናንሣ።"

እትዬ አስካለ ወደ ላይ አዩ። አንድ አፍታ ልባቸው የራራ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሁለት ደንበኞች መኖራቸውን አዩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "በሁዳዴ ያ ቀዳዳ አይከፈትም። በመጣችበት ትሂድ። በሱ በኩል ትውጣ።"

ሽርጤን እንዳሰርኩ ሮጥኩ። ጋሼ ሰኢድ ሥጋ እየቆረጡ ነው።

"ጋሼ፣ ሰሚራ መሐል ላይ አለች። በእርስዎ በኩል ይክፈቱላት።"

"በኔም በኩል ዘግቼዋለሁ" አሉ ቢላቸውን ሳያቆሙ። "የኔ ሥጋ ካረከሰ ምን አደርጋለሁ። እሷ ትክፈትላት።"

"ጋሼ፣ ዛሬ መርዝ ይረጫል እኮ! ትሞታለች!"

ቢላው ቆመ። "ትሞታለች?" አሉ። ከዚያ ግን "እሷ ናት መጀመሪያ የዘጋችው፤ መጀመሪያ እሷ ትክፈት" አሉኝ።

ተመልሼ ሮጥኩ። "እትዬ፣ እሳቸውም ዘግተዋል፤ አልተነጋገራችሁም እንጂ ሁለታችሁም ዘግታችኋል። መጀመሪያ እርስዎ ከከፈቱ እከፍታለሁ ብለዋል።"

"አየሽ? አየሽ ትዕቢቱን? እሱ ይክፈት!"

ደግሜ ሄድኩ። ደግሜ ተመለስኩ። በባዶው ሱቅ መስኮት ፊት ለፊት ባለፍኩ ቁጥር ትሰማኝ ይሆን እያልኩ ቀና ብዬ አያለሁ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች፣ "እሱ ይቅደም፣ እሷ ትቅደም" ይላሉ፤ እኔ በመካከላቸው እንደ ፖስተኛ እመላለሳለሁ። ትዕግሥቴ እዚያ ፓርኪንግ ላይ ነው ያለቀው።

ተመልሼ መሰላሉን ከጓሮ አወጣሁና ቀዳዳው ስር አቆምኩት። ጣውላው በብሎን ነው የተመታው፣ በእጅ አይነቀልም። ደንበኛው ትቶት የሄደው ድሪል መደርደሪያው ላይ ነበር። እጄን ስዘረጋ እትዬ አስካለ ቀድመው አነሡት።

"ይስጡኝ እትዬ።"

"አልሰጥሽም። በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?"

"ማን ያያል? በጓዳ ነው የምከፍተው። ላውጣትና መልሼ እዘጋዋለሁ።"

"ምን አገባሽ አንቺ!" ብለው ጮኹ። ቀጥለው ያሉትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። "አንቺም እኮ እንደሷው ነሽ። ቀን እዚህ፣ ማታ እዚያ። ከወዲህ ትሁኚ ከወዲያ እግዜር ይወቅልሽ። ለዚህ ነው እንደዚህ የሚያንገበግብሽ።"

መሰላሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። በተናደደ ሰው አፍ የሚወጣ ሁሉ እውነት አይደለም ይባላል። እኔ ግን ያኔ የገባኝ፣ ይህ ነገር ያን ቀን የተፈጠረ እንዳልሆነ ነው። ስናጥብ፣ ስንከትፍ፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንሄድ፣ ሲታመሙ እግራቸውን ሳሽላቸው፣ ይሄ ቃል እዚያው ውስጣቸው ተቀምጦ ነበር። ቤት የሰጡኝም፣ ልጄ ያሉኝም፣ ይህንን ይዘው ነው። ለማልቀስ እንኳን ጊዜ አልነበረኝም፤ ውጭ የመኪና ድምፅ ሰማሁ።

መርዝ የሚረጨው ሰው ጭነት መኪናውን ባዶው ሱቅ በር ላይ አቁሞ ቱቦውን እየፈታ ነው። ማናጀሩ በሩን ከፍቶለታል። ሮጬ ወጣሁና ባለችኝ እንግሊዝኛ "አቁሙ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ድመት አለች" አልኳቸው።

ማናጀሩ ፈገግታው ጠፋ። "የማን ድመት?" አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ድመቷ የምግብ ቤቱ ወይም የሥጋ ቤቱ ከሆነች ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ ማለት ነው፣ ተጥሷል፤ እሱ ሪፖርት ማድረግ አለበት፣ የጤና ኢንስፔክተሩም ይመጣል። የመንገድ ድመት ከሆነች ደግሞ እንደገባች ራሷ ትወጣለች፤ ሰውየው ሥራውን ይቀጥላል።

በዚህ መሐል እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ወጥተዋል። ጋሼ ሰኢድም በራቸው ላይ ቆመዋል። ማናጀሩ ወደ እትዬ አስካለ ዞረ። "ድመቷ ያንቺ ናት?"

"ኖት ማይን" አሉ እትዬ አስካለ።

ወደ ጋሼ ሰኢድ ዞረ።

"ኖ ኖ፣ ብራዘር። ስትሪት ካት" አሉ ጋሼ ሰኢድ። አጠገባቸው ብሆን ኖሮ የሰሚራን ፎቶ ከኪሳቸው አውጥቼ አሳየው ነበር።

ለሁለት ቀን አንድ ቃል ያልተነጋገሩ ሰዎች እዚያ ላይ ተስማሙ! ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ጭምብሉን አጠለቀ።

"ማይን" አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። "ኢት ኢዝ ማይን! የኔ ናት። የኔ ድመት ናት። ጠፍታብኝ ነው እንጂ የማንም አይደለችም፣ የኔ ናት።" ግማሹን በአማርኛ ነው የተናገርኩት፤ ገብቶታል።

ማናጀሩ ለአፍታ አየኝ። የሁለቱን ሰዎች ፊትም አየ፤ ሞኝ አልነበረም። "እንግዲያው ያንቺ ከሆነች አውጫት፤ ከዚያ ግን እሷን ይዘሽ እዚህ ሕንፃ እንዳትመጪ። በድጋሚ ካየኋችሁ ለኢንስፔክተሩ እናገራለሁ" አለኝ። መርዝ የሚረጨው ሰው የራሱን መሰላል አዋሰኝ። ጥሩ ሰው ነበር፤ እሱም ቤቱ ድመት እንዳለው ነገረኝ።

ባዶው ሱቅ ውስጥ ብርሃን የለም። በስልኬ መብራት አንዱን የኮርኒስ ሰሌዳ ገፋ አደረግኩት። አቧራው ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ጥግ ላይ ሁለት ዓይን አበራ። "ብርቄ" አልኳት። አልመጣችም። "ሰሚራ" አልኳት። ይበልጥ ወደ ጥግ ገባች። በሁለቱም ስም የሚጠሯት ሰዎች ጣውላ ሲመቱባት ሰምታ፣ ለሁለት ቀን ታፍና ቆይታ እንዴት ትመን?

ሥጋ ያስፈልጋል። ወርጄ በጓሮ በኩል ወደ ሥጋ ቤቱ ስሄድ ጋሼ ሰኢድ በሩን ገርበብ አድርገው ጠብቀውኛል። በፌስታል ጉበት ይዘዋል። ግራ ቀኝ አይተው በቀጭን ድምፅ "ያዢ፣ ቶሎ በይ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይግቡና እርስዎ ይጥሯት። ድምፅዎን ታውቀዋለች።"

"ማናጀሩ ያየኛል" አሉኝና በሩን ዘጉ። ጉበቱን እጄ ላይ ሳየው፣ ከእትዬ አስካለ ስድብ ይልቅ ይሄ አቃጠለኝ። ልባቸው እኮ ደግ ነው! ደግ ሆኖ ሳለ በጓሮ በር ነው የሚወጣው።

ድመቷ በጉበቱ ሽታ ቀስ እያለች መጣች። በአንገቷ ይዤ ስስባት አልጮኸችም፣ አልቧጠጠችም። ብትቧጥጥም አትችልም ነበር። ወደ ብርሃን ሳወጣት ነው ያየሁት። የፊት እግሮቿ ጥፍሮች ጣውላውን ሲፍቁ ተሰብረው አልቀዋል። ጣቶቿ ደም ሆነዋል፣ አፏም ተላልጧል። በሁለቱም በኩል ሞክራለች። አንደኛው ጣውላ ላይ ቆይታ፣ ደክሟት፣ ወደ ሌላው ሄዳ፣ እንደገና ተመልሳለች።

ሽርጤን ፈትቼ ጠቀለልኳት። በሩ ላይ ስወጣ ሁለቱም አሁንም ቆመዋል፤ የምግብ ቤቱ ደንበኞችም ወጥተዋል። እትዬ አስካለ "እሰይ፣ ወጣች" አሉ። በቃ፣ ይቺ "እሰይ" ናት የፈነቀለችኝ። በሕይወቴ በታላቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። አባቴ ፊት ቀና ብዬ አልሄድም ነበር።

"ምኑን ነው እሰይ የሚሉት?" አልኩ። "አይጥ ስትይዝ የእርስዎ ነበረች! እርስዎም ጋሼ፣ ደንበኛ ስታስቅልዎት የእርስዎ ነበረች! መርዝ ሲመጣ የመንገድ ሆነች? ጾም ነው ይላሉ፤ ምኑን ነው የጾማችሁት? እግሯን እዩት! እዩት እንጂ፣ ለምን ዓይናችሁን ታዞራላችሁ? በእግዜርና በአላህ ስም ጣውላ መትታችሁ ከነነፍሷ ቀብራችኋታል!"

በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ "እርስዎ" ማለቴን አልተውኩም፤ አሁን ሳስበው ይሄም ያናድደኛል።

አንድ ደንበኛ "ተይ እንጂ ልጄ፣ ታላቅ ናቸው" አለኝ።

"ታላቅ ከሆኑ ታላቅ ይሁኑ!" አልኩት።

"አታፍሪም?" አሉኝ እትዬ አስካለ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ለድመቷ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም።

"አላፍርም። ከወዲህ ልሁን ከወዲያ እግዜር ይወቅልኝ።"

ጋሼ ሰኢድ ገብተው ቢላቸውን ሲያነሡ ሰማሁ።

ያን ዕለት ልብሴን በሻንጣ፣ ድመቷን በቲማቲም ካርቶን ይዤ ከእትዬ አስካለ ቤት ወጣሁ። መኪናው የሳቸው ስለነበር በአውቶቡስ ነው የሄድኩት፤ በክሊቭላንድ አቬኑ በኩል ሊንደን፣ አንዲት ጓደኛዬ ዘንድ። ሾፌሩ ካርቶኑን አይቶ አሳለፈኝ። የእንስሳት ሐኪሟ ሁለት ጥፍሮቿ ተመልሰው እንደማይበቅሉ ነገረችኝ። ሌላው ድኗል። እኔም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኦቤትስ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ሰው አይጠይቀኝም፣ እኔም ሰው አልጠይቅም፤ ሳጥን እቆልላለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ምን ተለወጠብሽ ብትሉኝ፣ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጦብኛል። ልጅ ሆኜ የተማርኩት መቻልን ነው። ቻይ ሰው ይመሰገናል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መሐል ገብተሽ ለዚህም ለዚያም ደስ የሚለውን ተናገሪ፣ ቃል አለስልሺ፣ ሁሉም ይወድሻል። እኔም በዚህ የተካንኩ ነበርኩ። ያን ቀንም ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስሮጥ፣ ሥራዬ ማለስለስ ነው ብዬ ነበር፤ ሰዓቱ ግን እየሄደ፣ ድመቷ እየደከመች ነበር። ያወጣት ንዴቴ ነው። ስለዚህ "ንዴት መጥፎ ነው" ብላችሁ ስትመክሩኝ በትሕትና እሰማችኋለሁ፤ አልቀበላችሁም። ሽማግሌዎች ሲጣሉ ልጅ ዝም ይበል የምትሉም ካላችሁ፣ በግድግዳው ውስጥ የሚጮኸውን ማን ይስማው? እናንተ አጠገብም እንዲህ ዓይነት ጣውላ ይኖራል፤ ሁለቱም ወገን "እሱ ይቅደም" እያለ የቆመበት። እኔ የምላችሁ ድሪሉን ቀምታችሁ ክፈቱት ነው።

ሌላው ለውጥ ደግሞ ትንሽ መራራ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ "እንደ ልጄ ነሽ" የሚለኝን ሰው ቶሎ አላምንም። ድሮ ልቤ ይሞቅ ነበር። አሁን፣ ጭንቅ ሲመጣ ምን ይል ይሆን ብዬ አፉን አያለሁ። ይህ መልካም ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሆኗል።

የፋሲካ ዋዜማ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ድሮው ለስላሳ ነበር።

"ትርሲትዬ፣ እኔና ሰኢድ ታርቀናል" አሉኝ። "ከሱም ወገን፣ ከኛም ወገን ሽማግሌ ገብቶ። ለዒዱ ሄጄ እንኳን አደረሰህ አልኩት፣ እሱም ነገ ይመጣል። ያንቺም ነገር ተነሥቶ ነበር። ሁለታችንም ይቅር ብለንሻል።"

የሰማሁትን አላመንኩም። "ምኑን ነው ይቅር ያላችሁኝ?"

"በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማዋረድሽን ነዋ። ያለፈ አልፏል፣ እኛ አልያዝንብሽም።"

አንዲት ጥያቄ ትመጣለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። "ድመቷ ተርፋለች ወይ?" ቢሉኝ፣ እምላለሁ፣ ልቤ ይራራ ነበር። ያንኑ ማታ ተነሥቼ እሄድ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ።

"እንግዲህ ነገ በጠዋት ድረሺ" አሉኝ። "የዶሮ ወጡን የሚሠራልኝ ሰው አጥቻለሁ።"

ጆሯቸው ላይ ዘጋሁባቸው።